በሕይወት እያለ የተለቀሰለት ሰው

በጤዛ የራሰ ነጠላ የራሱ ሽታ አለው። ጥጥና ቅዝቃዜ፣ ትንሽም የባሕር ዛፍ ጭስ። ዛሬ ጠዋት አንዲት አስታማሚ ከእንጦጦ በእግሯ ወርዳ ቢሮዬ በር ላይ ስትቆም ያ ሽታ ቀድሟት ገባ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ከምትለኝ ግማሹን ሳልሰማ ቀረሁ። አንቺ ገና አዲስ ስለሆንሽ አይተሽ ዝም አልሽ እንጂ ሌሎቹ ቢሆኑ "ሲስተር ደግሞ በሐሳብ ሄደች" ብለው ይስቁብኝ ነበር። ተቀመጪ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ልንገርሽ።

ያኔ ከዋርድ ወደ ሊያዞን ቢሮ ከተዛወርኩ ገና ቅርብ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ በፊት ለዓመታት ቁስል ጠርጌያለሁ፣ መርፌ ወግቻለሁ፣ ተረኛ ሆኜ አድሬ ቀን ዲግሪዬን ተምሬያለሁ። የነርሶች አለቃችን ሜትሮኗ ናት አንድ ቀን ጠርታ "አንቺ ልጅ፣ በሽተኛው ቤት ያለውን ድመት ሳይቀር ታውቂያለሽ፤ እንግዲህ ወሬሽ ሥራ ላይ ይዋል" ብላ ወደዚህ የላከችኝ። ሥራው ያው እንደምታይው ነው። አልጋ መፈለግ፣ በሽተኛው ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያስታምመው ከቤተሰቡ ጋር መጨረስ። ሐኪሙ "ትውጣ" ብሎ ይፈርማል፤ ወጥታ የት እንደምትገባ ማሰብ የእኛ ፋንታ ነው።

የመጀመሪያዬ ከባድ ጉዳይ ስኳር እግሯን የጎዳት ሴት ነበረች። ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ስትሠራ የኖረች፣ አርባዎቹን የጨረሰች፣ ምላሷ ስለታም፣ ዋርዱን ሁሉ የምታስቅ። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ብቻ ነው። ታክሲ ይነዳል። እሱም ሳያገባ ከእሷ ጋር ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ይኖራል። በጥየቃ ሰዓት ሲመጣ "ጸጉርህን ምነው? ምን ሆነህ ነው የከሳኸው? ይሄን ሸሚዝ ለብሰህ ነው ሰው ፊት የምትቀርበው?" እያለች ትወርድበታለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። ቁጣዋን እንደ ምርቃት ነበር የሚቀበለው።

እግሯ ገና ስላልዳነ ቤት ውስጥ ቁስሉን የሚያጥብላት፣ መርፌዋን የሚከታተልላት ሰው ያስፈልጋል። ወንድሟ ሥራ ሲወጣ የሚተኩት እንዲኖሩ ዘመዶቿን ሰብስቤ ተራ ላስይዛቸው ፈለግሁ። ሁሉም ሠራተኛ ሆኑ፤ የሚመቻቸው ከሥራ በፊት ብቻ ነው። "እሺ፣ በማለዳ ኑ" አልኩ። ተሳካልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ማለዳ ነው እንግዲህ ጉዱ። መርዶ በአገራችን መቼ እንደሚነገር አንቺም ታውቂያለሽ። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ዘመድ ተከትሎ፣ ማንም ድምፁን ሳያሰማ። ያን ዕለት ጉሙ እስከ ሆስፒታሉ ግቢ ወርዷል፤ የዋርዱ መብራት ገና አልጠፋም። ዘመዶቿ ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው ባንድ ላይ ገቡ። አጎቷ ከፊት፣ ሴቶቹ ከብርዱ የተነሳ በጤዛ የራሰ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከኋላ፣ እኔ ነጭ ጋውኔን ለብሼ ከጎናቸው። ወንድሟ ብቻ የለም። የጠዋት ተሳፋሪዎቹን አድርሶ በምሳ ሰዓት ሊመጣ ተነጋግረን ነበር።

ከአልጋዋ ቀና አለች። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ የሌለውን ፈለገች። ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ "ወንድሜን" አለች። "ወንድሜን ቀበራችሁት።"

"ኧረ በስመአብ፣ ደኅና ነው" አሉ አጎቷ። ሁሉም ባንድ አፍ ደኅና ነው አሉ። ግን መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ "ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው" አይደል የሚለው? ባስተባበልን ቁጥር ይበልጥ አመነች። ስልክ ደወልንለት፤ አነሳ። ከኋላው የመገናኛ ታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል። "እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ" ይላታል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችና መለሰችልኝ። "ደግ ሰው ነው፣ አመስግኚልኝ። የእሱ ድምፅ ግን አይደለም" አለች።

ሜትሮኗ ስትሰማ ራሷን ያዘች። "ሐበሻን በዚህ ሰዓት፣ ሽማግሌ አስቀድመሽ?" ብቻ አለችኝ። ሐኪሙ የቁስሉ ትኩሳት ነው፣ ሲወርድ ይለቃታል አለ።

ወንድሟ እስኪመጣ ዋርዱ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። አጠገቧ የተኙት፣ የእነሱም ጠያቂዎች፣ ነገሩን ሳያጣሩ ዙሪያዋን ከበው ተቀምጠዋል። እሱ ብርቱካን በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አንድ የማያውቁት አዛውንት ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁለትና "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉት። ሰው እንዲህ ሲባል ሌላ ምን ይላል? "አሜን" አለ። ተቀመጠም። በገዛ ለቅሶው ላይ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ። እህቱ ቀና ብላ አይታው፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ እንግዳ፣ "መንገዱ አላደከመዎትም?" አለችው። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ፤ ሙት ይነሳል እላለሁ እንጂ ሙት ይዞራል ብዬ አላምንም። ግን ሊወጣ ሲል ስጨብጠው እጁ መሞቁን ልብ ብዬ አረጋግጫለሁ።

ትኩሳቱ ወረደ። የአእምሮ ሐኪምም አያት፣ መድኃኒትም ጀመረች። ቀኑን ታውቃለች፣ ሰዉን ሁሉ ታውቃለች፣ ቀልዷም ተመለሰ። ወንድሟ ብቻ አልተመለሰላትም። ስናስወጣት ማን ያስታምማት ሲባል እሱ ቀረበ፤ እሷም "መቼም ቤቱ ባዶ ነው፣ እኚህ ሰውዬ ካልከበዳቸው ይምጡ" አለች።

ከጊዜ በኋላ ላያት ወጣሁ። ዳገቱን በባሕር ዛፎቹ መካከል ስወጣ ጉሙ ግንዶቹን ከወገብ በላይ ውጧቸዋል፤ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እግሯ በንጽሕና ታስሯል፤ እኔ ከማስረው ይሻላል። ግድግዳው ላይ የወንድሟ ፎቶ ጥቁር ሻሽ ተደርጎበት ተሰቅሏል። እሱ ከፎቶው ሥር ተቀምጦ ሽሮውን ይበላል። ያንኑ ፊት ላይና ታች ሳየው ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ወንድሜን ይመስላሉ፣ አይደል? እንዳትነግሪያቸው ግን። ከሙት ጋር አመሳሰሉኝ ብለው ይከፋቸዋል" አለችኝ።

ሲሸኘኝ እስከ አስፋልቱ አብሮኝ ወረደ። "ፎቶውን ለምን አታወርደውም?" አልኩት።

"አንድ ቀን አወረድኩት። ስታለቅስ ዋለች። መልሼ ሰቀልኩት።" ትንሽ ሄድን። "ሲስተር፣ ሁሉንም ችዬዋለሁ። አውቄ ካልሲዬን መሬት ላይ ጣልኩ፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ አጥባ አጣጥፋ ሰጠችኝ። አንድ ቀን ብትቆጣኝ ምን ነበረበት?" ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ነርስ አታለቅስም ያለው ማን ነው?

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ከቢሮዬ ብቅ ብዬ "ተቆጣችህ?" እለው ነበር። "ገና ነው" ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ። አንዳንድ ቀን ሰልፉ ውስጥ ሆኖ ገና ሳልጠይቀው ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ክረምት ገብቶ ነበር መሪ እንደያዘ ልቡን ያመመው። እኛው ጋ አመጡት፤ አልጋ የፈለግሁለት እኔ ነኝ። ብዙም አልቆየ። የመጨረሻ ወሬው የእህቱ እግር ነበር፣ ማን ያጥብላታል እያለ።

ዘመዶቹ መጥተው "እንዴት አድርገን እንንገራት? አንቺው ንገሪልን" አሉኝ። በማለዳ አልሄድኩም። ፀሐይ ብቅ ባለችበት ከሰዓት፣ አጎቷን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ሸሚዝ አንገትጌ ትጠግናለች። "ሰውዬው ሳይመጡ ሰነበቱ፣ አሳስበውኛል" አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ። ነገርኳት። "ወንድምሽ ነው፣ እትዬ" አልኳት፤ ስሙንም ጠራሁላት።

"ወንድሜንማ አልቅሼለታለሁ" አለች ረጋ ብላ። "ያን ጊዜ መጥታችሁ ነግራችሁኛል።" ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "እኚህ ሰውዬስ? እናት የላቸው፣ እህት የላቸው፣ አንድም ቀን ዘመድ ሲጠይቃቸው አላየሁም። እሳቸውን ማን ያለቅስላቸዋል?"

በታመመው እግሯ ተነስታ ቆመች። ሸሚዙን ሰው እንደሚይዙት በትከሻው ይዛ "ምን ዓይነት ሰው ነዎት? በዚህ ክረምት ሳይበሉ ይወጣሉ? ሳይነግሩኝ ይቀራሉ? እኔ ደጅ ደጁን ሳይ እንድውል ነው?" እያለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ትወርድበት ጀመር። አጎቷ ሊያስቆሟት ብድግ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ይተዉአት" አልኳቸው። "ትቆጣው።"