እማማ አፌን አልከፍትም ያሉ ዕለት

ይህን ሳወራ አሁንም አንገቴን እደፋለሁ። የጥርስ ሐኪም ነኝ። ባለፈው እሁድ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ የቀዝቃዛ ፕላዝማ መሣሪያ ይዤ አገሬ ቀየት ገባሁ። ሐምራዊ ብርሃኑ ሳያቃጥል ጥርስ የሚያበሰብሱትን ጀርሞች ይገድላል። ጉራ አይደል፣ ከቅዳሴ የሚመለሰውን ሰው አስቁሜ ማሳየት ጀመርኩ።

ጎረቤታችንን «እማማ ይታይሽ፣ ተጉመጥምጠው ይትፉና አፍዎን ይክፈቱ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አጥብቀው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ብርሃኑን እጄ ላይ አብርቼ «አያቃጥልም» አልኩ። እምቢ አሉ። የመጉመጥመጫ ውሃ ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን ባሰብኝ፤ «በዚህ ዕድሜዎ ብርሃን ይፈራሉ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ልጄ፣ ቆርቤያለሁ እኮ» አሉ ከነጠላው ስር፣ በቀስታ። «የቆረበ እንዳይተፋ፣ አፉን እንዲሸፍን ይመክረን የነበረው ዲያቆን አንተ አልነበርክም?»