እማማ ሞሮንኬ ያጠቧቸው መንትዮች

እዚህ ስደት አገር፣ ፔክሃም ሰፈር ያለው የእኛ የዮሩባዎች ማኅበር ሊቀመንበር አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የጸሐፊው ምክትልም አለው። ሥራ የሚሠሩት ግን እማማ ሞሮንኬ ናቸው። እናቷ አገር ቤት የቀረችባት አራስ ስትኖር ማኅበሩ እሳቸውን ይልካል። ሕፃኑን በአገራችን ወግ ያጥባሉ፣ ያሻሉ፣ ወደ ላይ ወርወር አድርገው ይቀልባሉ። በመኪና የማደርሳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አነዳዴን ሲነቅፉ ነው የምንደርሰው፤ እሳቸው መንጃ ፈቃድ የላቸውም።

አሪኖላ መንታ ወለደች። ሁለቱም ወንድ፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት። መንታ እኛ ዘንድ ስሙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቀድሞ የወጣው ታይዎ፣ ተከትሎ የመጣው ኬሂንዴ ነው። ታላቁ ግን ኬሂንዴ ነው። "ሂድና ዓለም ትጥም እንደሆነ ቅመስልኝ" ብሎ ታናሹን የላከው እሱ ነዋ። ትልቅ ሰው ይልካል እንጂ አይላክም። ይህን የሚጠራጠር ሰው ማኅበራችን ድግስ ላይ ሥጋ አይደርሰውም።

ሌላው ስማቸው በሚወጣበት በስምንተኛው ቀን ጠዋት እማማ ሁለቱን ሊያጥቡ ተቀመጡ። አሪኖላ ሌሊቱን ስላልተኛች መኝታ ቤት ገብታ ጋደም ብላለች። ባሏ አዴጎኬ አገር ቤት ከኢባዳን የሚመጡትን እናቱን ሊቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። እኔ ለስም ማውጣቱ ሥርዓት የሚቀመሰውን ማርና ጨው ይዤ ቆሜያለሁ።

ሆስፒታሉ በልጆቹ ቁርጭምጭሚት ላይ አንድና ሁለት የሚል የፕላስቲክ ማሰሪያ አድርጎ ነበር። እማማ፣ ልጅ ሻንጣ አይደለም ብለው ሁለቱንም በመቀስ ቆርጠው ጣሉ። አጠቡ፣ አሹ፣ ቅባት ቀቡ፣ አንድ ፎጣ ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ከዚያ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ እንደገና አንዱን አዩ።

እሳቸው አንድን ነገር ሁለቴ ሲያዩ አይቼ አላውቅም።

"አንተ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ታይዎ የቱ ነው?"

እኔ የያዝኩት ማር ነው አልኳቸው።

ታይዎ ዓለምን ለማየት የቸኮለው ስለሆነ፣ ሁለቱን አቅፈው በመስኮት መንገዱን አሳዩአቸው። ቀድሞ ያየው ታይዎ ሊሆን ነው። ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፔክሃምን አይቶ የማይተኛ የለም አልኩ፤ አልሳቁም። ነገሩ ከተገለበጠ ታናሹ ዕድሜ ልኩን ታላቅ ተብሎ ሊኖር ነው። አያትየዋም መንገድ ላይ ናቸው፤ ይህን ከሰሙ ደግሞ ከእንግዲህ የትኛዋ አራስ ልጇን ለእማማ ሞሮንኬ ትሰጣለች?

ዝም ብለን አንዱን ታይዎ እንበለው፣ ማን ያውቃል ብዬ መከርኳቸው።

"እኔ አውቃለኋ" አሉ፤ ልጆቹን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው።

ሳምንቱን ሙሉ አሪኖላን አንቺ ምን ታውቂያለሽ ሲሏት ነው የከረሙት። አሁን አልጋዋ አጠገብ ቆመው፦

"ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ልጆችሽን ቀላቅያቸዋለሁ።"

አሪኖላ ዓይኗን እንኳ በደንብ ሳትገልጥ ልጆቹን ተቀበለቻቸው። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ ጡት አስያዘቻቸው።

"ይኼ ታይዎ ነው" አለች። "ገና ጡት ሳይደርሰው ያጉረመርማል። ኬሂንዴ እስኪሰጡት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እማማ፣ ስምንት ቀን ሙሉ ያላስተኙኝ እነሱ አይደሉም እንዴ? እንዴት አላውቃቸውም?"

እማማ ሞሮንኬ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። የራስ ጥምጣማቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ቆይተው ደግሞ እንባቸውን ጠረጉ። ከጥምጣማቸው ጫፍ ክር መዘዙና የታይዎ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰሩ። እኔም ስለ ሻንጣ ምንም አልተናገርኩም።

ወዲያው አያትየዋ ደረሱ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ "ኬሂንዴ የቱ ነው?" አሉ።

እማማ ልጁን ብድግ አድርገው ሰጧቸው።

"ይኼ ይጠየቃል እንዴ፣ እትዬ? ታላቅ ሰው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።"

አያትየዋ ልጁን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው ብዙ አዩት።

"እውነትም ያስታውቃል" አሉ።