ሁለቱም በአንድ ፖስታ

ስሙን ያወጣላት ፀጉር ቆራጩ ነው። በአባቷ ቤት ሳሎን ቅዳሜ ከሰዓት መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ እሷ ከጓዳው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። "ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተው ሰው ይህቺን አይቶ መሆን አለበት" አለ ፀጉር ቆራጩ። ከዚያ ወዲህ ለሰፈሩ ሁሉ "አይነቅዜ" ሆና ቀረች። አልተቀየመችም። እንዲያውም ስሙ ልኳ ነው ብላ ታምን ነበር።

ሥራዋ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ራጅ አንሺ ነች። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ጨረር የሚከላከለውን ያንን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ አጥልቃ "ትንፋሽ ያዝ፤ እንዳትነቃነቅ" ስትል ሹሙም ዘበኛውም እኩል ይታዘዛታል። ሰው የሚያማርርባት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከፊት ታነሳለች፣ ቀጥላ ደግሞ ከጎን ታነሳለች። "አሁን አንስተሽኝ የለም እንዴ?" ይሏታል። "አልጨረስኩም" ትላለች። በቀን ውስጥ ደጋግማ የምትለው ቃል ይኸው ነው።

አባቷ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። እናቷ ከሞቱ በኋላ መጋዙም መላጊያውም አስጠልቷቸው አልጋ ላይ ቀርተው ነበር። ከአልጋ ያስነሳቸው ያ የቅዳሜ ንባብ ነው። ለአንባቢዎቹ ብለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠሩ፤ እንደገና ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ፤ መሳቅም ጀመሩ። ልጃቸው ስለ ንባቡ ብዙ አትናገርም እንጂ፣ ያ አግዳሚ አባቷን ደግፎ እንዳቆመላት ታውቃለች።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ምላሱ ከምላጩ ይልቅ የሰላው ፀጉር ቆራጭ እጁን አነሳ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያቁሙልኝ። ባለፈው ሳምንት ባነበብነው ወንጌል ሴቶቹ ባዶውን መቃብር አይተው ፈሩና ለማንም ምንም አልተናገሩም። በዛሬው ደግሞ ተመልሰው ሄደው ተናገሩ። የትኛውን ልያዝ? ዝም አሉ ወይስ ተናገሩ?"

"ያው... መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ኋላ ተናገሩ።"

"እሱን የጨመሩት እርስዎ ነዎት። ነጭ ልብስ የለበሰውስ? እዚያ አንድ ጎልማሳ ነው፣ እዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ኧረ እኔ እንኳ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ይሁን ሁለት ሳላውቅ ምላጭ አላነሳም!"

አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለማላገጥ አይደለም ጋሼ፤ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው። መጽሐፎቹን መርጠው አንድ ላይ ያኖሯቸውን ሰዎች የመራቸው መንፈስ ቅዱስ ነው ይሉናል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ታዲያ አላነበቧቸውም?"

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ።

"እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እንጨት ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ያልገጠመውን ገጠመ ብዬ ሰው አላታልልም። ከእንግዲህ ንባብ የለም። ወደየቤታችሁ ግቡ።"

በዚያው አልጋቸው ላይ ወጡ። ሻይ ብታቀርብላቸው ይቀዘቅዛል፤ ጢማቸው አደገ። ፀጉር ቆራጩ መቀስና ምላጩን ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ልላጭዎት። ያልኩትንም ይርሱት" አለ። "ምን አጠፋህ? ልክ ነህ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያ አፈ ጮሌ ሰው መቀስና ምላጩን መልሶ ይዞ ወጣ። እሷም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ምን ብላ ታጽናናቸው? ጥያቄው እሷንም ውስጥ ውስጧን እየበላት ነበር።

ዓርብ ዕለት እሷ ሥራ ላይ ሳለች አባቷ ድንገት ተነሱ። አግዳሚውን ከሳሎን አውጥተው ሊያስወግዱት ነው። ብቻቸውን እየጎተቱ ደፉ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ተጠለፈና በእጃቸው ላይ ወደቁ። ጩኸታቸውን ሰምቶ የደረሰው ፀጉር ቆራጩ ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ታክሲ ውስጥ አስገባቸውና ልጃቸው ወደምትሠራበት ሆስፒታል ይዟቸው በረረ።

ሐኪሙ የእጃቸው አንጓ ራጅ እንዲነሳ አዘዘ። ከፊት አነሳችው። ፊልሙን መብራቱ ላይ ስትሰቅለው አጥንቱ ቀጥ ብሎ ታየ።

"ተመስገን! ምንም አልሆኑም" አለ ፀጉር ቆራጩ። "ጋሼ፣ እኔን ለማስደንገጥ ነው አይደል?"

"አልጨረስኩም" አለች።

የአባቷን እጅ ቀስ አድርጋ በጎኑ አስተኛችውና ደግማ አነሳችው። በሁለተኛው ፊልም ላይ ስብራቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፀጉር ቆራጩ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየ።

"ቆይ ቆይ፣ ይሄ የሁለት ሰው እጅ ነው?"

"የአንድ ሰው ነው።"

"ይሄኛው ደህና ነው ይላል፣ ያኛው ተሰብሯል ይላል። የዋሸው የትኛው ነው?"

"ማናቸውም አልዋሹም። አንዱ ከፊት ቆሞ ያየው ነው፣ አንዱ ከጎን።"

"እንግዲያው ያንን የማይረባውን ጣዪውና የሚረባውን ብቻ ስጪ። ሐኪሙን ለምን ግራ ታጋቢዋለሽ?"

"ብጥለው ይቆጣኛል። አጥንቱ ወደ ጎን አለመንሸራተቱን የሚያውቀው በዚህ በማይረባው ነው። የእኔ ሥራ ሁለቱን ማስታረቅ አይደለም። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ከትቼ መስጠት ነው።"

ይህን ብላ ፖስታውን ስታነሳ እጇ አየር ላይ ቀረ። በየቀኑ የምትለው ነገር ነው፤ እሷ ራሷ የሰማችው ግን ገና ዛሬ ነው። እንደ ልማዷ ውጣው ልትቀር ነበር። የአባቷን ያልተላጨ ፊት አየችና አልቻለችም።

"አባዬ" አለች። "እነዚያ ሰዎች... መጽሐፎቹን የመረጡት... ዓይን ነበራቸው እኮ። አንዱ ዝም አሉ ሲል፣ ሌላው ተናገሩ ሲል አይተዋል። በሰው ብልሃት ብቻ ቢሆን አንዱን ይጥሉት ነበር፤ ወይ እየፋቁ ያስማሙት ነበር። እኔ ብሆን እፍቀው ነበር፤ ሰው ፊት ማፈር ስለምፈራ። እነሱ አላፈሩም። ሁለቱንም በአንድ ፖስታ ከተው ለእኛ ሰጡን። ይህን ያስደፈራቸው እግዚአብሔር ካልሆነ ማን ነው?"

ፀጉር ቆራጩ ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

"ነጭ የለበሱትስ ስንት ነበሩ?" አለ፤ አሁን ግን ሊረታት አልነበረም።

"አላውቅም። ሁሉን አውቃለሁ አላልኩም። ግን እኔ ከቆምኩበት ቦታ ስላልታየኝ ብቻ ፊልም አልጥልም።"

አባቷ ሕመሙን ረስተው ተነሱ። "ልጄ ተናገረች!" አሉ። "ሰማህ አይደል? ለዚህስ ሌላውም እጄ ይሰበር!"

"ኧረ ጋሼ፣ አንዱ ይበቃል! አግዳሚውን ማን ይመልሰዋል?"

"አንተ ነህ እንጂ! ያስወጣኸው አንተ አይደለህ?"

በማግስቱ ፀጉር ቆራጩ አግዳሚውን ብቻውን ተሸክሞ፣ እንደ በሬ እያለከለከ ሳሎን አስገባው። አባቷን ላጫቸው። አባቷ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ገጽ መግለጥ ስላቃታቸው መጽሐፉን ይዞ የሚገልጠው እሱ ሆነ። ወሬ እግር አለውና አግዳሚው ሞልቶ ሰው ደፉ ላይ ሁሉ ተቀመጠ።

"ዛሬ የምታነበው ልጄ ናት" አሉ አባቷ።

በርጩማዋ ላይ ሆና ሰማይና ምድር ተገለበጡባት። ቢሆንም ተነሳች። መጀመሪያ ሴቶቹ ፈርተው ዝም ያሉበትን አነበበች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ፀጉር ቆራጩ ገለጠላት። ተመልሰው የተናገሩበት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው፤ መንገደኛ ሳይቀር ደጁ ላይ ቆመ።

"በሉ እንግዲህ!" አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ። "ዝም ያሉትም የተናገሩትም እነዚያው ሴቶች ቢሆኑ ምን ይገርማል? ይኸው ቆማ አየኋት። ግን ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይነቅዜ የምለው ማንን ነው?"

"ስሟን ተውላት" አሉ አባቷ። "ሁለቱም እሷ ናት።"

ሳሎኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ ግን ጣቷን መስመሩ ላይ አኑራ፣ የሥራ ክፍሏ ውስጥ እንዳለች ሁሉ ቀና አለች።

"አልጨረስኩም" አለች።

ሁሉም ትንፋሹን ያዘ።