ይነቀል የተባለው ጥርሴ ዛሬ ሸንኮራ ላጠ

ዛሬ ኮምቦልቻ ገበያ መሀል ቆሜ ሸንኮራ በጥርሴ ላጥኩ!

ሻጯ ደንግጣ «እማማ፣ በቢላ ልላጥልዎት?» አለችኝ። «ቢላሽን ለወጣቶቹ አቆይው» አልኳት።

ይህ የፊት ጥርሴ እኮ በደርግ ጊዜ ሞት የተፈረደበት ነው። የጋብቻ ኒካዬ ሊታሰር ሲል የዚህ ጥርስ ብቻ ድድ እያበጠ መግል ይይዝ ጀመር።

እናቴ ያኔ በምንኖርበት በሆጤ ሰፈር ነቃሽ ዘንድ ወስዳ ድዴን አስነቀሰችኝ፤ ንቅሳት ለድድ መድኃኒት ነው ይባል ነበራ። ድዴ ጠቆረ፣ አማረ። መግሉ ግን ተመልሶ መጣ።

ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ ጎረቤቶቻችን በጥርሴ ላይ ተወያዩ። «ይነቀል!» ተባለ፣ በሙሉ ድምፅ። (ያኔ በሙሉ ድምፅ የማይወሰን ምን ነበር?)

ከእናቴ ጋር ልናስነቅል የሄድንበት የጥርስ ሐኪም ግን በትንሿ መስታወቱ የጥርሴን ጀርባ አየ። «ጥርሱ ሲፈጠር ጀምሮ ከኋላው እስከ ሥሩ የወረደ ቀጭን ቦይ አለው። ቆሻሻው የሚገባው በዚያ ነው» አለ።

እናቴ አፏን ይዛ «ያ ረቢ! ሌባው በጓሮ ሲገባ እኛ ደጅ ላይ ዘብ ቆመን!» አለች።

ሐኪሙ ድዴን አደንዝዞ ከፈተ፣ ውስጡን አጸዳ፣ ቦዩን ሞርዶ ደፈነ፣ መልሶ ሰፋው። መግሉም በዚያው ጠፋ። በሠርጌ ቀን አፌን ሳልሸፍን ሳቅሁ።

በሙሉ ድምፅ ከፈረዱት ጎረቤቶቼ ዛሬ ሸንኮራ በጥርሱ የሚልጥ አንድም የለም።

እናንተስ? ይነቀል ተብሎ የፈራጆቹን ጥርስ የሸኘ ጥርስ ያለው እስቲ ይናገር!