ቧንቧው ሲከፈት የሚበራው መብራት

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። ጠባዬ ከመኪና ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙም አይስማማም። መኪና ሲበላሽ ሰበብ አያበዛም፤ የሚያበዛው ባለመኪናው ነው። ሁሉም «ትናንት ደህና ነበር» ይላል። ትናንት ደህና ያልነበረ መኪና እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። ስለዚህ አንዲት ሴት ከሰዓት በኋላ መጥታ «መኪናው ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ አይበራም፤ የማይበራው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይበራል» ስትለኝ፣ ሥራዬን ሳላቆም «እህቴ፣ አንዱን ምረጪ» አልኳት።

አልሳቀችም። እዚያው ከተማ አስተማሪ ነበረች፤ አባቷ ዶርዜ ይኖራሉ። መኪናው ደግሞ ተራ መኪና አይደለም፤ አልጋ፣ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ ያለው፣ ፈረንጆች እየተኙበት አገር የሚዞሩበት ዓይነት ነው። አባቷ ለአንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት ብዙ ዘመን ሾፌር ሆነው አገልግለዋል። ፈረንጆቹ አገር ሲለቁ መኪናውን ትተውላቸው ሄዱ። ሞተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ ጓሮ ውስጥ እንሰት መሃል ቆሞ ቀርቷል። እናቷ ደረታቸውን ሲታመሙና የቤት ጭስ አልስማማ ሲላቸው፣ አባቷ መኪናው ውስጥ አልጋ አነጠፉላቸው። የመጨረሻ ዘመናቸውን እዚያ ሲፈትሉና ሲያስሉ ቆይተው እዚያው አረፉ።

«እማዬ ከተቀበረች ወዲህ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቧንቧውን ስንከፍት ውሃ አይመጣም። የሷ የአልጋ መብራት ነው የሚበራው። የበሩም አብሮ ይበራል። ማብሪያው ጠፍቶ እያለ።» ከዚያ «ከአልጋዋ ተነስታ ወደ በር የምትሄድ ነው የሚመስለው» አለች። «ሽታም አለ፤ የበሰበሰ ነገር ሽታ።»

ፌዜን እዚያ ላይ አቆምኩ። ሽማግሌዎች አስቀድመው አይተውታል። ጋሞ አገር መከራ እንዲያው አይመጣም፤ አንድ ሰው ሊነካ የማይገባውን ነክቶ ደብቆታል ማለት ነው። ጎሜ ይሉታል። ስለዚህ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ በየተራው ያጠፋውን ይናገራል፤ የጥፋቱ ምንጭ እስኪገኝ። የሟች ወንድም ድንበር መግፋቱን ተናገረ። አንዲት የአክስት ልጅ በሐዘኑ ወቅት ከጎረቤት ተጣልታ እንደነበር ተናገረች። በግ ታረደ፣ እርቅ ወረደ። መብራቱ ግን መብራቱን አልተወም። እውነቱን ለመናገር የኔም ሥራ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እያንዳንዱን ሽቦ «አንተ ነህ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ሽቦ ግን ሲጠየቅ አያለቅስም።

«እኔ ጌታን የተቀበልኩ ነኝ፣ በጎሜ አላምንም» አለች አስተማሪዋ። «ግን እዚያ መኪና ውስጥ ደግሞ ብቻዬን አልቀመጥም። አባቴ ነው እዚያ የሚያድረው። ከተማ ና፣ ከኔ ጋር ኑር ስለው፣ ትጠራኛለች፣ ትቻት አልሄድም ይላል። እየመነመነ ነው። እሱንም እዚያው ልቀብረው ነው?»

ከነገሩ ጦም እደሩ ነበር የሚሻለኝ። ግን የማይበራ መብራት በራሱ ይበራል የሚል ሰው ካጋጠመኝ ወዲያ ምን ዕረፍት አለኝ? በማግሥቱ መሣሪያዬን ሰብስቤ፣ ሽቅብ በሚወጣ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ከእሷ ጋር ተሳፈርን። አርባ ምንጭ ሙቀቱ ሲያንጨረጭረን ነበር፤ ዶርዜ ስንደርስ ጉም አጥሩ ላይ ተኝቷል፤ ከቀርከሃው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

አባትየው ካኪ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጠበቁን። ረጅም፣ ጭምት ሰው ናቸው። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስሉም። መኪናውን በሾፌር ሥርዓት አስጎበኙኝ። የፀሐይ ሰሌዳው ጣሪያ ላይ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው። የፊት ለፊቱ መብራትና ሬዲዮ ይሠራሉ። ከአልጋው በኩል ያለው ሁሉ ግን ሞቷል። ስለ ሁሉም ነገሩኝ፤ ስለ ቧንቧው ብቻ አንድ ቃል አልተናገሩም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ባዘቶው ቅርጫቱ ውስጥ፣ እንዝርቱም ግማሽ ክር እንደያዘ ትራሱ አጠገብ ተቀምጧል። አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ራስጌው ላይ አለ።

ማብሪያዎቹን ሁሉ አጠፋሁ፤ የሬዲዮውንም ዘጋሁ። ከዚያ ልጅቱን «ክፈቺ» አልኳት። ቧንቧውን ከፍታ ወደ ኋላዋ ሸሸች።

ከአልጋው ሥር አንድ ነገር አቃሰተ። የውሃው ፓምፕ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አይዞርም፤ እንደታመመ ሰው ያቃስታል እንጂ። ከዚያ ከትራሱ በላይ ያለው አምፖል ቀስ ብሎ ቀላ፤ ሊጠፋ የደረሰ ፍም ያህል ነው፤ እንዝርቱን ለማየት ግን ይበቃል። ዘወር ስል ከኋላዬ የበሩ መብራትም በርቷል፤ ጉሙ መሃል ደረጃው ላይ ቀይ ነጥብ ሆኖ። ማብሪያው እጄ ሥር ነው፤ ጠፍቷል። ፈራሁ። መብራት የእንጀራዬ ገመድ ነው፣ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ግን ያን ጊዜ ከአልጋውና ከበሩ መካከል መቆሜ አልተስማማኝም፤ መንገድ የዘጋሁ መሰለኝና ወደ ጎን ዞር አልኩ።

ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው። አፍንጫዬ ከጭንቅላቴ ቀደመ። «ቡታጋዝ አለ እዚህ?» አልኩ። ጭስ ስለማይስማማቸው ለሟች ሻይ የሚፈላው በቡታጋዝ ነበር። ከምድጃው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ቀጭኑ የጋዝ ቱቦ ተጣሞ የግድግዳውን ብረት ነክቷል፤ የነካበት ቦታ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ቧንቧው ክፍት ስለነበረ፣ እኔ እያየሁት ቱቦው ጫፍ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ አለች።

ከዚያ በፊት የፈራሁት ፍርሃት ጨዋታ ሆነ። ቧንቧውን ዘጋሁ፣ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋሁ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፣ ሲሊንደሩን ፈትቼ እየተንገዳገድኩ እንሰቱ ውስጥ ወስጄ አስቀመጥኩት። «አባትሽ» አልኳት ልጅቱን፣ ቁጣዬን መደበቅ አቅቶኝ፣ «ቧንቧ በከፈቱ ቁጥር ጋዝ አጠገብ እሳት ሲጭሩ ነበር።» እሷ ወደ አባቷ ዞረች። አባትየው ደግሞ ባሉበት ቆመው ቀሩ።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ከወጣ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ ከተቆረጠበት፣ እንደ መሸበት መንገደኛ ያገኘውን በር ሁሉ ያንኳኳል። የአልጋው መብራትና የበሩ መብራት በአንድ ማብሪያ የሚሠሩ ናቸው። የፓምፑ ኤሌክትሪክ በራሱ መንገድ መመለስ ሲያቅተው፣ በአልጋው አምፖል ገብቶ፣ በበሩ አምፖል ወጥቶ፣ ዞሮ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ለመዞሪያ የሚተርፈው ጉልበት ስለሌለ ፓምፑ አይዞርም። ቱቦው ብረቱን በነካ ጊዜ ደግሞ በቱቦው በኩል ይሾልካል። የቀረኝ የተቆረጠውን መንገድ መፈለግ ነበር፤ መኪናው ሥር በጀርባዬ ገባሁ።

ብዙም አልደከምኩ። የመኪናውን ቤት ከሻንሲው፣ ከታችኛው የብረት አጽም ጋር የሚያያይዘው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ለሁለት ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ የሻንሲው ዝገት ተፍቋል፤ የፋቀው ብረት ሳይሆን እንጨት ነው፤ ስንጣሪው አሁንም አለ። «እዚህ ሥር እንጨት ማን ከተተ?» ብዬ ጮህኩ።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ነገረችኝ። ከቀብሩ በኋላ አባቷ መኪናውን ሚስታቸው በሞቱበት ቦታ ቆሞ ማየት አልቻሉም። ዘመድ ታዲያ «እናዛውረው» አለ። ዶርዜ ላይ ቤት ማዛወር እንግዳ ነገር አይደለም። የቀርከሃውን ቤት እግር ምስጥ ሲበላው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ከሥሩ አጣና ይከትና፣ እየዘፈነ አንስቶ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። ይሄም ቤት አይደል እንዴ? አልጋ አለው፣ በር አለው፣ ሰው ሞቶበታል። ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ገብተው ነበር፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ አጣናውን ከሥሩ ከትቶ፣ ጀርባውን አንስቶ፣ እየገፋም እየተሸከመም ከቀርከሃው ጥግ አደረሰው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እነዚህ ሸማኔዎች መኪና ተሸከሙ። አንዱ አጣና ግን ገመዱን በጠሰ፣ የጋዙንም ቱቦ አጣመመ።

መኪናው ሥር እንደተኛሁ ብቻዬን ሳቅኩ። መኪና በአጣና ተሸክሞ የሚያዛውር ሰው የት አግኝቼ አውቃለሁ? ልጅቱም ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሊሄድባት ሲል ለአጎቷ ልትነግር ወደ ቤት ሮጠች።

አባትየው ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። የማየው ጫማቸውንና ጉልበታቸውን ብቻ ነው።

«ታስረዋለህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ገመድ ይዣለሁ።»

«ከዚያ በኋላ አይበራም?»

«ማብሪያውን ሲጫኑ ይበራል፣ አባባ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ብልጭታዋ ከዓይኔ አልጠፋችም ነበር። «አባባ፣ እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «ሽቦ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ከመኪናው ሥር ራሴን አወጣሁ።

«አጣናውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «ሲበጠስ ሰምቻለሁ። ይህን መኪና ስንት ዘመን ስነዳው ኖሬ፣ ኔጋቲቩ፣ መመለሻው ሽቦ፣ ሲላቀቅ ምን እንደሚሆን ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ? ያ ሁሉ ሰው በየተራው ሲናዘዝ?»

«የኔ ተራ ሲደርስ አለቀስኩ። እሱ ሐዘንተኛ ነው፣ ተዉት አሉ።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። «ውሃ ስጠኝ ብላ ነው የሞተችው። ቧንቧውን ብከፍት ባዶ ነው፤ የመኪናውን የውሃ ጋን መሙላት ረስቼ። ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጭ ወረድኩ። ስመለስ መብራቷ በርቷል፣ እሷ የለችም። ጋኑን በማግሥቱ ሞላሁት፤ ለማን እንደሆነ እንጃ። መኪናውን ያዛወርን ዕለት አመሻሽ ላይ እጄን ልታጠብ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ውሃው እምቢ አለ፣ እሷ በራች።» እንደዚያ ነው ያሉት፤ መብራቱ በራ አላሉም። «ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ እከፍታለሁ። ትንሽ አያትና እዘጋለሁ።»

የሬሳ ሽታ ነው ብሎ ጎረቤት ሲርቃቸው፣ ልጃቸው በፍርሃት ስትቀጥን፣ እኚህ ሰው እያወቁ ዝም ብለዋል። ልቆጣቸው ይገባኝ ነበር፤ አዘንኩላቸው እንጂ አልተቆጣሁም።

«የጋዙን ግን አላወቅሁም» አሉ ቆይተው። «አፍንጫዬ ድሮም ደካማ ነው። ልጄ ስንት ጊዜ እዚህ ገብታለች። እሷም ትሞት ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው። ይህ ማለስለሻ የለውም።

ከጎማው አጠገብ ተነሡ። ከዚያ «አንድ ጊዜ ክፈትልኝ» አሉ። ጋዙ ወጥቷል፣ የሚያሰጋ ነገር የለም። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቧንቧውን ከፈትኩ። ፓምፑ አቃሰተ፤ አምፖሉ ቀላ፤ በሩ ላይ ያለውም ቀላ። በጋሞኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ለገበያ የሚበቃ ጋሞኛ አውቃለሁ፤ ያን ግን እንዳልሰማሁ ሆኜ ወደ ጉሙ አየሁ። በመጨረሻ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ቧንቧውን ዘጉ።

«የቡሎን ቁልፉን ስጠኝ» አሉ። «በእጄ የበጠስኩትን በእጄ ልሰረው።» ካፖርታቸውን እንደለበሱ መኪናው ሥር ገቡ። እኔ ገመዱን አቀበልኳቸው፤ ቡሎኑን ሲያጠብቁ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። አንድም ነገር ማረም አላስፈለገኝም።

ልጅቱ ስትመለስ ለዓይን መያዝ ጀምሯል። እኔና አባትየው ወደ ውስጥ ገባን፤ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ እሷ ደረጃው ላይ ቀረች። አባትየው ቧንቧውን ከፈቱ። ፓምፑ ዞረ። ቧንቧው ሳለ፣ አየር ተፋ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ ወረወረ፤ ከዚያ ጠራ። አምፖሉን አየሁት። ጨልሟል። የበሩም ጨልሟል። ሥራዬ ተሳክቶ እንደዚያ ቀን ደስ ያላለኝ ጊዜ የለም።

እሳቸው ከራስጌው የቆርቆሮ ኩባያውን አነሱ፣ አለቅልቀው ሞሉትና፣ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘው መልሰው ትራሱ አጠገብ፣ እንዝርቱ ጎን አስቀመጡት። ውስጡ ጨልሞ ስለነበር ልጅቱ ከደረጃው እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች።

አባቷ እጇን ያዙ።

«ተዪው» አሏት። «መጀመሪያ ትጠጣ።»