ፀሐይ ቀድሞ ለሚሞት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አጥብቄ የምመኘው የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነበር። ነቀምቴ ደግሞ ፀሐይን እንደ ስኳር ቆንጥራ ነው የምትሰጠው። ቡርቃ ጃቶ ባለው የጋራ ግቢያችን ጠዋት ቀድማ የምታርፈው በሩ አጠገብ ባለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው፤ እሱም ከአንድ ሰው በላይ አያስቀምጥም። ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ ግን ጎረቤቴም ጡረታ ወጣ።

እኔ ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ያረጀሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሰፈሩ በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ ይለኛል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በኑኑ ቁምባ መንገድ አይሱዙ የነዳ ሰው ነው፤ አንዴ ከቆመ የሚያስነሳው የለም። ድንጋዩን አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ ስንሻማ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረስን። ያንገበግበኝ ነበር። በመጨረሻ ሚስቶቻችን ሽማግሌ ጠሩብን።

ሽማግሌዎቹ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ድንጋዩ ላይ ሁለት ወንድ ቢራቢሮዎች ተጣሉ። አንዱ ገና ጎረምሳ፣ ክንፉ የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው ያረጀ፣ ክንፉ የተቦጫጨቀ። እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ወጡና ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ያረፈው ቡጭቅጫቁ ሆነ። ሽማግሌዎቹ እኛን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ባርሲሳ፣ አንተ መምህር አይደለህ? ይሄ ሽማግሌ እንዴት አሸነፈ?» አሉኝ ሰብሳቢያቸው።

ማስተማር አማረኝ። «ወንድ ቢራቢሮ ፀሐይ ያለበት ቦታ ይዞ ሴት ይጠብቃል። ጎረምሳው ዛሬ ቢሸነፍ ነገ ሌላ ቦታ ያገኛል። ሽማግሌው ግን የቀረችው ዕድሜ ጥቂት ናት፤ ስለዚህ ሞቶ ነው የሚለቀው።»

«በቃ! ድንጋዩ ቀድሞ ለሚሞተው ይሁን!» አሉ ሰብሳቢው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጎረቤቴ ወዲያው ሱሪውን ሰብስቦ ያበጠ ጉልበቱን አሳየ። እኔ ሰው ሠራሽ ጥርሴን አውልቄ መሐረብ ላይ አስቀመጥኩ። እሱ ሳለ፤ እኔ ከእሱ የባሰ ሳልኩ። እሱ ስኳር አለብኝ ሲል፣ እኔ ስኳርም ደም ብዛትም አልኩ።

«ደም ብዛቱ የእኔ ነው!» ብላ ባለቤቴ ጮኸች።

ያም ሆኖ ለእኔ ተፈረደ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያሸነፍኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ምሳ ስበላ ነው፤ ቀድሜ እንደምሞት ተፈርዶልኝ ኖሯል።

በማግስቱ ድንጋዬ ላይ ብቀመጥም ፀሐይዋ ደስ አላለችኝም። ጎረቤቴ በርጩማውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ፣ ጥላው ላይ ተቀመጠ።

«አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ? እንዴት አደርክ?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ወራሽ አይደለሁ? ሌላ እንዳይቀድመኝ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

እንዲህ እየተነጃጀስን ሰነበትን። አንድ ጠዋት ቡጭቅጫቁ ቢራቢሮ ሳይመጣ ቀረ። ጎረምሳው መጥቶ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ የሚያባርረው አልነበረም። ሁለታችንም አየነው። ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራሁ።

ጎረቤቴ የዚያን ዕለት አልሳቀም። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አንተ ግን አትቸኩል» አለኝ ቀስ ብሎ።

ጠጋ አልኩለት፤ ከበርጩማው ተነስቶ ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ለካ ድንጋዩ ለሁለት ይበቃል፤ ጥላ ላይ የሚቀረው የየአንዳንዳችን ግማሽ ቂጥ ብቻ ነው።