ፒዬትሮ እስከ ሰባት ቤት

ከአሰበ ተፈሪ የወጣሁት ከሰዓት በኋላ፣ ቡና በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በሹፌሩና ዶሮ በታቀፈች ሴትዮ መሃል ተጣብቄ ነው። ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው ወይ የሚሸኘው ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። መርከቡ ያለው ጅቡቲ፣ ባቡሩ ያለው ሚኤሶ፣ እኔ ደግሞ ተራራ ላይ፤ ከጆንያ ጋር ካልሆነ ማን ያወርደኛል? እናቴ በመስኮቱ በኩል በሶ በጨርቅ ቋጥራ አቀበለችኝና ፊቷን አዞረች። የጎረቤታችን ልጅ እልፍነሽ ግን አላለቀሰችም። የመኪናውን በር ይዛ እየሮጠች በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ ጣለችልኝ።

"ጥሩዬ፣ ምናልባት ብታገኚው" አለችኝ። 

ማንን ማለቷ እንደሆነ አሰበ ተፈሪ የኖረ ሁሉ ያውቃል። የእልፍነሽ አባት በጠላት ዘመን የመጣ ጣልያን ግንበኛ ነው። ከከተማው በታች በሚኤሶ መንገድ ላይ ያለውን የድንጋይ ድልድይ የሠራው እሱ ነው። ድልድዩ አልቆ፣ እልፍነሽ ተወልዳ፣ ገና ዳዴ ሳትል እንግሊዞች መጡና ጣልያኖቹን ሰብስበው ወሰዷቸው። ለእናቷ ለእትዬ ዘነበች የቀራት ነገር ቢኖር የልጅቷ አፍንጫና በኋላ በፖስታ የመጣች አንዲት ካርድ ናት። ጭኔ ላይ የወደቀችው እሷው ካርድ ነበረች፤ ባሕር ዳር የተደረደሩ ሮዝና ቢጫ ቤቶች፣ ከጀርባዋ የከተማው ስም "ካሞሊ"፣ ከሱ በታች "ፒዬትሮ" የሚል ጽሕፈት። አብራት የእልፍነሽ ፎቶግራፍ አለች።

የከተማችን ወሬኛ ድልድዩን "የእልፍነሽ ወንድም" ይለዋል፤ አባታቸው አንድ ነው ለማለት። ያን ቀንም መኪናው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ፍሬን ነካ አድርጎ፣ "ወንድሟን ተሰናበቺው እንጂ" አለኝ። ባለዶሮዋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የሄድኩት ጄኖቫ፣ ነርስነት ልማር ነው። እሷን ደግሞ ማን አስተማራት እንዳትሉ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከወንድሜ ደብተር ላይ እየሰረቅኩ፣ ጣልያንኛ የለቀምኩት ደግሞ የሚሲዮን ክሊኒክ ፋሻ ሳጥብ ከጣልያን መነኮሳቱ አፍ ነው። ጄኖቫ ከተራራ ወደ ባሕር የተንሸራተተች ከተማ ናት። ዳገቷ ዳገታችንን ይመስላል፤ ብቻ ዳገቱ ላይ የሚያገኝሽ ሰው ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ላምሽ ወለደች ወይ አይልሽም። አከራዬ ሲኞራማ ዓመቱን ሙሉ የጠየቀችኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

"ዛሬም ልትታጠቢ ነው?"

"አዎ ሲኞራ።"

"ባለፈው ቅዳሜ ታጥበሽ የለም ወይ?"

"ታጥቤአለሁ።"

"ታዲያ በመሃሉ ምን ስትሠሪ ነበር?"

እኛ አገር ሰው ንጽሕና እንደማያውቅ የነገረችኝም እሷው ናት።

በሁለተኛው ዓመቴ የእልፍነሽ ደብዳቤ መጣ። ገለምሶ ያለ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሁሉ አምሮ ነበር። የልጁ አባት ግራዝማች ግን ዘር ቆጠራው ላይ ሲደርሱ እንደ ግመል ቆሙ። ደንባችንን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ሥጋ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። የእናቷን ወገን ቆጥረው ጨረሱ። "የአባቷንስ?" አሉ ግራዝማች።

አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አፍኖት፣ "ግራዝማች፣ ከገለምሶ ሰው የሚዛመድ ጣልያን ከየት ይመጣል ብለው ነው?" ቢላቸው፣

"እኔ ምን አውቄ፤ ያልተቆጠረ አጥንት ቤቴ አይገባም" አሉ። እስከ መስቀል ካልተቆጠረ ለልጃቸው ያዩለት መሰላ የምትኖር ልጅ አለች።

እልፍነሽ ደብዳቤዋን እንዲህ ብላ ነው የጨረሰችው፦ "ጥሩዬ፣ ይምጣልኝ አላልኩም፣ ይርዳኝም አላልኩም፤ ሰባት ስም ብቻ። ከመስቀል በፊት ባለው ሰኞ ግራዝማችን ይዤ ስልክ ቤት እጠብቅሻለሁ።"

እንግዲህ ሽማግሌ ያስፈልገኝ ነበር። ሰው ቤት ሄዶ እንዲህ ያለ ነገር በደረቁ አይጠየቅም። ታደሰ የሚባል መሐንዲስነት የሚማር የደብረ ማርቆስ ልጅ ነበር፤ ከሁላችንም ጢም ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ የሽማግሌ መሪ አደረግነው። ጓደኛዬ ገነት የአስመራ ልጅ ናት፤ ጣልያንኛዋ ከጣልያኖቹ ይበልጣል። ሽማግሌ ደግሞ ሦስት መሆን ስላለበት ሦስተኛዋ እኔው ሆንኩ።

"ሁለት ሴት ሽማግሌ የት ታይቷል?" አለ ታደሰ።

"ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ሽማግሌስ?" አለችው ገነት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሕር ልንታጠብ ነው ብለን፣ ትሬኖ የሚሉትን ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ በየደቂቃው ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ባሕሩ ብልጭ ይላል፣ ይጨልማል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ደህና አደራችሁ ሳይሉን ነርቪ ደረስን። ገነት "ለሽምግልና ታጥቦ መሄድ ነው" ብላ እዚያ አወረደችን። እናንተ ሆይ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ባለትዳሩ ሁሉ ራቁቱን ሊሆን እፍኝ ጨርቅ ቀርቶት ጠጠር ላይ ተጋድሟል። ጸበል የሚጠመቁ መስሎኝ ቄሱን በዓይኔ ፈለግኩ። ለካ ፀሐይ ሊጠግቡ ነው። ሚኤሶ ጣቢያ አንድ ቀን ቢያውሏቸው ዕድሜ ልካቸውን ይበቃቸው ነበር። እኔ በቀሚሴ ገባሁ፤ ያን ጊዜ እነሱም ተነስተው እኔን አዩ።

ሬኮ ላይ ፎካቻ የሚሉትን በላን። ቂጣ ነው፣ በመሃሉ አይብ የቀለጠበት፤ የጎደለው ሚጥሚጣ ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ ካሞሊ ገባን።

ቤቶቹ ካርዷ ላይ እንዳሉት ናቸው። ከሩቅ ስድስት መስኮት የቆጠርኩበት ቤት ስንጠጋው ሦስቱ ቀለም ሆኑ። መስኮት ግድግዳ ላይ ተስሏል፣ መጋረጃ ተስሎለታል፣ ደፉ ላይ ድመት ተቀምጣለች፤ ድመቷም ቀለም ናት። "ቤቱ የሀብታም እንዲመስል ነው" አለችኝ ገነት። የማይከፈት መስኮት ስር ቆሜ ልቤ ፈራ።

ዓሣ የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ሄጄ እንደ አገሬ ጠየቅኩ።

"ፒዬትሮ የት ነው የሚኖረው?"

"የትኛው ፒዬትሮ? እዚህ ግማሹ ፒዬትሮ ነው።"

"አበሻ አገር የነበረው፤ ግንበኛው።"

"እሱም ብዙ ነው።"

"ድልድይ የሠራው።"

ሴትዮዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እንደሱ አትይም ወይ። ስለ ድልድዩ ሲያወራ ስንት ዓሣ ገማብኝ። ያውልሽ፣ ጥላ አከራዩ።"

ጥላ አከራይ ስትል አልገባኝም ነበር። ወርጄ ሳይ ባሕሩ ዳር ጃንጥላ ተተክሏል፣ ከያንዳንዱ ስር የሸራ ወንበር አለ፤ ሰው ይከፍልና ይቀመጣል። እኛ አገር ዋርካ በነጻ የሚሰጠውን እዚያ በግማሽ ቀን ይሸጡታል። ባለቤቱ ፀጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። አፍንጫውን ሳይ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም።

ታደሰ የሱፍ ኮቱን ቆለፈ፤ ተሰልፈን ፊቱ ቆምን። ሰውዬው ደስ ብሎት ሦስት ወንበር ዘረጋ።

"ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አለ ታደሰ።

"ጥሩ ወንበር ነው።"

"በክብር ጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ደንቡ ነው፤ ሽማግሌ ካልተሰማ አይቀመጥም። ሰውዬው ግን የሚኖረው ሰው ስለሚቀመጥ ነው። ግራ ገብቶት ገነትን አያት፤ እሷም ደንቡን አንድ ባንድ አስረዳችው።

"ከኔ የረከሰ ወንበር አታገኙም" አላት።

"ቆመን ነው የምንነጋገረው" አለች።

"እንዳሻችሁ። ግን ጥላው ስር እስከቆማችሁ ድረስ ለኔ ተቀምጣችኋል።"

ከጥላው ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆምን። ጠጠሩ ይፋጃል፣ ታደሰ በኮቱ ውስጥ ይቀልጣል፣ የተጋደመው ሰው ሁሉ ቀና ቀና ብሎ ያየናል። ያኔ እኔ አንድ እርምጃ ተጠጋሁና በኦሮምኛ፣ እንደ ሠፈራችን ሰው፣ "አካም ጅርቱ?" ብዬ ደህንነቱን ጠየቅኩት።

ወንበር የሚያጥፈው እጁ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ገንዘብ መቀበያው ጋ የተቀመጠችውን ሚስቱን ነው።

"ከየት ናችሁ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ከአሰበ ተፈሪ።"

"ገንዘብ የለኝም።"

"ገንዘብ አልጠየቅንዎትም። ልጅዎ ልትዳር ነው። የአባቶችዎን ስም እስከ ሰባት ይቁጠሩልን፤ ሌላ አንፈልግም።"

ፎቶግራፏን ዘረጋሁለት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ግን አልተቀበለኝም። "አባቴ ጆቫኒ፣ አያቴ ፒዬትሮ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። የሞቱ ናቸው።"

"የሚቆጠሩት እኮ የሞቱት ናቸው" አለ ታደሰ። ወደኔ ዞሮ ደግሞ በአማርኛ፣ "እኛን ሊያሠለጥን የመጣ ሰው ቅድመ አያቱን አያውቅም" አለኝ።

"ፒዬትሮ፣ ምን ፈልገው ነው?" ብላ ሚስቱ ተጣራች።

"ተማሪዎች ናቸው። የቤተሰብ ስም እያጠኑ ነው።"

ይሄን ጊዜ በመጨረሻው ጃንጥላ ስር ባቄላ የሚፈለፍሉ፣ ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት ቀና አሉ። እናቱ ናቸው። "ስም ከሆነ እኔን ይጠይቁኝ። እሱ የትናንቱን አያስታውስም" አሉ። ከዚያም ታደሰን አዩት። "አንተ ልጅ ልትሞት ነው እንዴ፣ ለምን አትቀመጥም?"

ጉዳያችን ስለተሰማ ተቀመጥን። ኪራይም የጠየቀን የለም።

አሮጊቷ በባቄላው ፍሬ እየቆጠሩ ነገሩን፤ ፒዬትሮ ጆቫኒን፣ ጆቫኒ ፒዬትሮን፣ አንዱ ባሕር የበላው፣ አንዱ ደወል ሲሰቅል የወደቀ። ስድስት ፍሬ ቆጠሩና እጃቸው ቆመ። "ከዚህ በላይ ያለው ከተራራ የወረደ ነው። ስሙን ይዞ የመጣ የለም።" ከዚያ ሚስትየዋ ዞር እስክትል ጠብቀው፣ "ያንን አምጪው" አሉኝ። ፎቶግራፏን ብዙ አዩዋት። የልጃቸውን አፍንጫ ደግሞ አዩት። ሽርጣቸው ስር ከተቷትና ባቄላቸውን ቀጠሉ።

ወደ ባቡር ጣቢያው ደረጃውን ስንወጣ ሰውዬው ከኋላችን ደረሰ። ትንፋሽ አጥሮታል። አሁን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ቆምኩ።

"ድልድዩ አለ?" አለኝ።

"አለ። የቡና መኪና በየቀኑ ያልፍበታል። እኔም ያለፍኩት በሱ ላይ ነው።"

"አልተሰነጠቀም?"

"ደህና ነው።"

ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሌላ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ባቡሩ መጣ።

በባቡሩ ውስጥ ታደሰ፣ "ስድስት ሰባት አይሆንም፤ ጋብቻው ፈረሰ" አለ። እኔ ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። የኔ ቅድመ አያት ገብረ ሚካኤል ይባላሉ፤ እሳቸውም ከተራራ የወረዱ ናቸው። እርሳሱን በምራቄ አርሼ ሰባተኛው ላይ "ሚኬሌ" ብዬ ጻፍኩ። ገነት አየችኝና መስኮቱን አየች። እንግዲህ ከእልፍነሽ ጋር የሥጋ እህትማማቾች ሆንን፤ ኃጢአቱም የኔ ነው።

ሰኞ ስልክ ቤት ሳጥን ውስጥ ገብቼ ተገናኘን። ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ግራዝማች ጤናዬን፣ አገሩን፣ ብርዱን፣ እህሉን ጠይቀው ሲጨርሱ ከተሰጠን ጊዜ ግማሹ አልቋል።

"በይ ቁጠሪ ልጄ።"

"ፒዬትሮ፣ ጆቫኒ፣ ፒዬትሮ፣ ጆቫኒ፣ ፒዬትሮ…"

"ቆይ፣ ቆይ። የቆጠርሽውን ነው እኮ የምትቆጥሪው።"

"አይደለም አባቴ። እዚህ ልጅ የአያቱን ስም ነው የሚይዘው።"

"ምነው፣ ስም አጥተው ነው? እሺ፣ ሰባተኛውስ?"

"ሚኬሌ።"

"ሚካኤል ማለት ነው?"

"አዎ አባቴ።"

"አሁን ገና ሰው ቆጠርሽ" አሉ። "ይሄ አጥንት አለው። ሌሎቹን እንጃ። በቃ፣ ይሁን።"

እልልታ ሰማሁ፤ እትዬ ዘነበች መሆን አለባት። ከዚያ እልፍነሽ ስልኩን ተቀበለች። ስለ ሠርጉ ትነግረኛለች ስል፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማት፣ "ጥሩዬ፣ ስለኔ ምን አለ?" አለችኝ።

ቴሌፎኒስቷ ሰዓቱ እያለቀ ነው ስትል ይሰማኛል።

"አለቀሰ" አልኳት።

"በእውነት?"

"በእናቴ። ደረጃው ላይ፣ ሰው እያየው።"

ትንፋሿን ሰማሁት፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ይኸው እስከ ዛሬ አልዋሸሁም እላለሁ። ያለቀሰው ለወንድሟ መሆኑን ብቻ አልነገርኳትም።